ፒያሳ ላይ የአያቴን ኦሜጋ ሰዓት ሆዱን አውጥተው ባትሪ ከተውበት መለሱልኝ

የአባት የአያት ሰዓት ቤታችሁ ያለ ጎንደሬዎች፣ ይህን ሳታነቡ ወደ ፒያሳ እንዳትሄዱ። ከሱቁ የወጣሁት ዛሬ ከሰዓት ነው፤ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

እንዲህ ያሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ከፊት በመስታወት ሳጥን የቻይና ሰዓት፣ የስልክ ቻርጀርና የፀሐይ መነጽር ይደረድራሉ፤ ከኋላ መጋረጃ አለ። ሰዓታችሁን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ይገቡና ትንሽ ቆይተው «ይሠራል፣ ቀብድ ተው» ይላሉ። ከዚያ «ነገ ና» ነው፣ «ዕቃው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው»፣ «ባለሙያው ለቅሶ ሄዷል»። ይህንን ሁላችንም ለምደነዋል፤ እኔም ታግሼ ጠብቄያለሁ። ያንገበገበኝ መዘግየቱ አይደለም።

አያቴ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ በኋላ እዚያው በድሬሰርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የሕመምተኛ የልብ ምት የሚቆጥሩት በዚህ ሰዓት ነው፤ የሰከንዱ ቆጣሪ ከመሐል ተነሥቶ ፊቱን በሙሉ ስለሚዞር ለዚያ ሥራ ይመቻል። እማዬ ልጅ ሳለች ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትተኛበት ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቆሞ ሳጥን ውስጥ ኖረ። ዘንድሮ አጎቴ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንዲያስረው ብለን ነው ላሠራው የተነሣሁት።

ምንነቱን ሳላጣራ አልሰጠሁም። መጀመሪያ ያሳየሁት አራዳ ገበያ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ሰዓት ሲሠሩ ለኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው። የኋላ ክዳኑን በቢላዋ ፈልቅቀው፣ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆይተው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ደኅና ዕቃ ነው። በእጅ የሚሞላ፣ 17 ድንጋይ ያለው» አሉኝ፤ ድንጋይ የሚሉት ማሽኑ ውስጥ የጥርሶቹ ዘንግ የሚዞርባቸውን ትንንሽ እንቁዎች ነው። ማሽኑ መዳብ የመሰለ ቀይ ነው፤ የዚያ ዘመን ኦሜጋ በዚህ ቀለሙ ይታወቃል። 285 የሚል የማሽኑ ዓይነት ቁጥርና በ16 ሚሊዮን የሚጀምር መለያ ቁጥር ተቀርጾበታል፤ 16 ሚሊዮኖቹ ወደ 1958 እ.ኤ.አ. የሚወስዱ ናቸው። እዚያው በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። «ቅባቱ ደርቆ ነው የቆመው። ተፈትቶ ይታጠብ፣ አዲስ ቅባት ይግባለት፣ ሞላው ይቀየር። እኔ ግን ዓይኔ ደክሟል፣ አልደፍረውም» አሉኝ።

የፒያሳው ሱቅም ያንኑ ነገረኝ። ማጠብ፣ ቅባት፣ ሞላ፤ 3,500 ብር፣ ግማሹ ቀብድ። ፊቱን ቀለም እንዳይቀቡት፣ ቀፎውን እንዳይሞርዱት ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ የድሮ ሰዓት ዋጋው ባልተነካካ ገላው ነው። የሱቁ ልጅ «ሐሳብ አይግባህ» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ በቁራጭ ወረቀት ላይ «1 የእጅ ሰዓት» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት።

ዛሬ «አልቋል፣ ና» ብለው ደወሉ። ልጁ ሰዓቱን በጨርቅ ወልውሎ መስታወቱ ላይ አኖረልኝ። ቀፎው ተፈግፍጎ ጠርዞቹ ተበልተዋል፤ ገና ያን ሳይ ደሜ ፈላ። ዝም ብዬ አነሣሁትና ልሞላው መሙያውን አዞርኩት። ምንም አይዝም። ሞላ ያለው ሰዓት ሲሞላ ጣት ላይ ክርር ክርር ይላል፣ እየጠበቀ ይሄዳል። ይሄ ባዶውን ይሽከረከራል። መሙያው ራሱ የኦሜጋ ምልክት የነበረበት አይደለም፣ ልሙጥ ነው። ከዚያ የሰከንዱን ቆጣሪ አየሁት። አንድ ይዘልና ይቆማል፣ አንድ ይዘልና ይቆማል። የአያቴ ማሽን በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ የሚመታ ነው፤ ቆጣሪው ሲሄድ ለዓይን የሚንሸራተት ነው የሚመስለው። እንዲህ በየሰከንዱ እየዘለለ የሚቆም የባትሪ ነው።

«ክፈተው» አልኩት።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ክፈተው!»

ከፈተው። የመዳቡ ማሽን የለም። በቦታው ትንሽ የባትሪ ማሽን በነጭ ፕላስቲክ ተደግፎ ተቀምጧል።

«የእኔ ማሽን የታለ?»

«እሱ አርጅቷል፣ አይሆንም። አዲስ ገጠምንልህ። እንዲያውም ብራዘር፣ ከመሙላት ተገላገልክ።»

«አሮጌውን ስጠኝ።»

«ቆሻሻ ነው፣ ተጥሏል።»

ባለቤቱ ሻዩን እንደያዘ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ፎቶውን ብዘረጋለት ዞር ብሎም አላየው። ወረቀቴን ከእጄ ወስዶ፣ ማንበብ እንደማይችል ሰው ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «አንድ፣ የእጅ፣ ሰዓት። ሰዓት ሰጠኸን፣ ሰዓት ሰጠንህ። ይቆጥራል አይቆጥርም?» ልጁ ሳቀ። መነጽር ይሞክር የነበረ ደንበኛም አብሮ ሳቀ። ቀሪውን ካልከፈልክ ይሄም አይወጣም አሉኝ። የአያቴ ፊትና ቀፎ እነሱ ዘንድ እንዳይቀር ከፍዬ ወጣሁ።

ተጥሏል ያሉትን ማንም አይመን። የቆመ ኦሜጋ ያለው ሰው መለዋወጫ አጥቶ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ማሽን ነው። የሰዓታችን መለያ ቁጥር የነበረውም እሱ ላይ ነው፤ ማሽኑ ሲሄድ ማንነቱም አብሮ ሄደ። ማምሻውን ሽማግሌው ዘንድ ወሰድኩት፣ ፊቱን አንሥተው አሳዩኝ። ከጀርባው ማሽኑ ላይ የሚሰካባቸውን እግሮች ለባትሪው ስላልገጠሙ ቆርጠው በሙጫ ለጥፈውታል። ዋናው ማሽን ቢገኝ እንኳ እንደ ድሮው አይቀመጥም። ሽማግሌው «ይህን ያደረገ ሰው ሰዓት ሠሪ አይባልም» ብለው ማጉያቸውን አወለቁ። ቤት ስገባ እማዬ ተቀብላኝ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ «ምነው ድምፁ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

የምታሠሩ፣ ከመስጠታችሁ በፊት አስከፍታችሁ ማሽኑን ፎቶ አንሡ። የማሽኑ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ፣ የተቀየረ ዕቃም እንደሚመለስላችሁ ካልተጻፈ ሰዓቱን ይዛችሁ ውጡ።

ነገ ጠዋት ፎቶውንና ያንን ወረቀት ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። በ16 ሚሊዮን የሚጀምር ቁጥር ያለው 285 ማሽን፣ ለብቻውም ሆነ ሌላ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ለሽያጭ ሲቀርብ ያያችሁ ንገሩኝ። ሙሉ ቁጥሩ እኔ ዘንድ አለ፣ ለማመሳከር እልካለሁ።