0.08 ወይስ 0.05?

ከዩታ በስተቀር የአሜሪካ ግዛቶች አሽከርካሪን በሕግ ሰክሯል የሚሉት በደሙ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ሲደርስ ነው። ዩታና አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ግን 0.05 ይበቃል ይላሉ። የ0.03 በመቶ ልዩነት በወረቀት ላይ ኢምንት ናት፤ መሪ ለጨበጠ ሰው ግን አይደለችም። 0.05 ላይ የሚንቀሳቀስ ነገርን በዓይን መከተልና መሪን መቆጣጠር ይከብዳል። 0.08 ላይ ደግሞ ትኩረትና የቅርብ ጊዜ ትውስታም ይዳከማሉ።

ጠጥተው ከሚያሽከረክሩት ወንዶች ይበዛሉ፤ ክፉ ሰዓታቸውም ሌሊትና የሳምንቱ መጨረሻ ነው። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። «አንድ ብርጭቆ ልጨምር?» እያለ የሚያሰላውን ሰው ዝቅተኛው ወሰን ከወንበሩ ሳይነሳ ያስቆመዋል። 0.15 አልፎም ቁልፍ የሚያነሳው ልማደኛ ሁለቱንም ወሰኖች ጥሷልና ቁጥሩ ብቻውን አይገታውም። ለእርሱ ትንፋሹን ሳይለካ ሞተር የማያስነሳ መሣሪያ ይሻላል፤ ምክር የሰማ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

እኔ ወደ 0.05 አደላለሁ። ዩታ ሕጉን በ2018 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተግባራዊ አድርጋ፣ በ2019 የሞት አደጋ ምጣኔዋ ከ2016 በ19.8 በመቶ ዝቅ ብሏል። ቅናሹ ሁሉ የሕጉ ውጤት ነው ባይባልም፣ ቁጥጥር ከታከለበት 0.05 ሚዛን ይደፋል።