የፖከር ተጫዋች ድርሻ የሚሸጥበት ድረ ገጽ፦ ከ5 ኮከብ 3
ፖከር በገንዘብ የሚወዳደሩበት የካርታ ጨዋታ ነው፤ ድርሻ ስትገዛ የተጫዋቹን መግቢያ በከፊል ትከፍላለህ፣ ካሸነፈ ከሽልማቱ በዚያው ልክ ይደርስሃል። ድረ ገጹን ሁለት ዓመት ተጠቀምኩበት። ክፍያቸው ፈጣን ነው፤ በዚህ አላማቸውም። የከነከነኝ ሌላ ነው። መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነ ውድድር ላይ 1 በመቶ ድርሻ ፈለግኩ። 100 ዶላር መሆን ሲገባው ተጫዋቹ 130 ጠየቀ። እሺ፣ ችሎታውን ነው የሚሸጠው፤ ከፈልኩ። ግን ለራሱ ስንት በመቶ እንዳስቀረ ገጹ አያሳይም! ሁሉንም በዚህ ዋጋ ከሸጠ፣ ካርድ ሳይታደል 3,000 ዶላር አትርፏል። ከዚያ ቢሸነፍ ምን ገዶት? ይሄ ነውር ነው።

ውሉ በጽሑፍ መሆኑን ግን ወድጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የፖከር ተጫዋቹ ጄሚ ጎልድ 12 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ፣ ግማሹን ቃል ገብቶልኛል ያለ ሰው ከሶታል። እኔ አሁን መጀመሪያ መልእክት እልካለሁ፦ «የራስህ ድርሻ ስንት ነው?» ካልመለሰ አልገዛም።