ዳይፐር፣ የሽንት ጨርቅ ወይስ የሚታጠብ? ጅማ ላይ የመጀመሪያ ልጅ ለምትጠብቁ

የመጀመሪያ ልጅ ሲጠበቅ መካሪ አይጠፋም። አማት «እኛ በአቡጀዲ ነው ያሳደግናቸው» ይላሉ። ጓደኛ «ዳይፐር ግዢና ተገላገይ» ትላለች። ባለሱቁ ደግሞ ባለ ሥዕሉን የሚታጠብ ዳይፐር አውጥቶ ይዘረጋል። ሁሉም እውነት አላቸው። ጅማ ላይ ግን ከዋጋው በፊት የሚወስነው ዝናቡ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት የመውለጃውን ወር ቁጠሩ።

አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። ይህ ቁጥር ሁሉንም ሂሳብ ይቀይራል።

የሽንት ጨርቅ

ርካሹ ይኼ ነው። ከሄርማታ መርካቶ አቡጀዲ በሜትር ገዝቶ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ያረጀ ነጠላም ለስላሳ ስለሆነ ለአራስ ይስማማል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ፀሐይ ጠዋት የታጠበው ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ሁለት ደርዘን ይበቃችኋል። በሐምሌ ግን ያው ጨርቅ ገመድ ላይ ሁለት ቀን ውሎ አድሮም እርጥበቱ አይለቀውም፤ መሽተትም ይጀምራል። ያኔ አራት ደርዘን ቢኖር አይበዛም።

እንደኛ ባለ ሞቃትና እርጥብ አገር ሌላም ጣጣ አለ። እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች። ጨርቁ ሲለበስ ትሉ ቆዳ ውስጥ ይገባና እንደ ብጉር ያብጣል። መድኃኒቱ ካውያ ነው፤ ሁለቱንም ፊት፣ በተለይ ስፌቱን፣ በደንብ መተኮስ። መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ ያላት ጎረቤት ወዳጅ ትሁናችሁ። ከሰሉን ግን አራሷ ክፍል አታስገቡት። በር ዘግቶ ጨርቅ በከሰል ማድረቅ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል።

የጨርቁ ትልቁ ወጪ ጉልበት ነው። አጣቢ ከሌለና ውሃ በጄሪካን የሚቀዳ ከሆነ፣ አራሷ ራሷ ሳፋ ላይ ልትጎነበስ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ርካሽ አልለውም።

ዳይፐር

ለሌሊትና ለክረምት የሚወዳደረው የለም። አገዛዙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። የእሽጉን ዋጋ ሳይሆን የአንዱን ፍሬ ዋጋ አስሉ፤ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ብዛት አይታችሁ ዋጋውን ማካፈል ነው። ቀጥሎ እሽጉ ላይ የተጻፈውን የልጅ ኪሎ እዩ። ትንሹ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ኪሎ ነው። 3 ኪሎ የተወለደ ልጅ በሁለት ወር አካባቢ እዚያ ስለሚደርስ ትንሹን አታከማቹ። አራስ ጠያቂ «ምን ላምጣ?» ካለ ደግሞ ቀጣዩን ቁጥር በሉት፤ እሱን ማንም አያስብበትም።

እትብቱ እስኪወድቅ የዳይፐሩን ጫፍ ከእምብርቱ በታች እጠፉት። «ገና አልሞላም» ብሎ ማቆየት ሽፍታ ያመጣል። ያገለገለውን ሽንት ቤት አትጣሉት፣ ይደፍናል። አዌቱ ወንዝ ዳር መወርወሩንማ ባንናገረው ይሻላል።

የሚታጠብ ዳይፐር

ላዩ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ ነው፤ ዝናብ ባለበትም በረንዳ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ችግሩ ውስጡ የሚገባው ወፍራም ጨርቅ ላይ ነው። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው፣ ማይክሮፋይበር የሚባለው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ የቀርከሃው ብዙ ይመጥጣል፣ ግን ይዘገያል። ለጅማ ማይክሮፋይበሩን እመርጣለሁ። ብቻ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይቀመጥም፣ የዳይፐሩ ኪስ ውስጥ ነው የሚገባው። «ለሁሉም ዕድሜ» የሚባለውም ለአራስ ይሰፋል። ልጁ 4 ኪሎ አካባቢ እስኪደርስ በጭኑ በኩል ያፈሳል። ስለዚህ ከመውለድ በፊት ደርዘን ሙሉ አትግዙ። ሁለት ገዝታችሁ ሞክሩ። ሲታጠብ የልብስ ማለስለሻ አይነካው፣ መምጠጡን ያጠፋዋል።

እኔ ብሆን

ልጁ የሚመጣው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ከሆነ ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር። ሰኔ ወይም ሐምሌ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በዳይፐር አሳልፌ፣ ጨርቁን ለመጠባበቂያ ይዤ፣ የሚታጠበውን መስከረም ላይ እጀምራለሁ። ቤቱ ሰፊ በረንዳና አጣቢ ካለው ግን ክረምትም ቢሆን የሚታጠበው ያዋጣል፤ ለሁለተኛው ልጅም ይተርፋል።

አንቀልባና ጋሪ ለምትጠይቁኝ፦ አንቀልባ። የሰፈራችን ኮብልስቶንና ጭቃ ለጋሪ ጎማ አልተሠራም። ከጋሪው በተረፈው ብር አጎበር ግዙ፤ አልጋውን እስከ ፍራሹ ሥር የሚሸፍነውን።