በባሕር ዳር አክሲዮን መግዛትና መሸጥ፦ የአንድ ቢሮ አገልግሎትና ለትንሹ ባለአክሲዮን የሚተርፈው

በባሕር ዳር መሀል ከተማ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ የሚገኘው ይህ ቢሮ ነዋሪው አዲስ አበባ ድረስ ሳይመላለስ አክሲዮን እንዲገዛ፣ እንዲያዛውርና እንዲሸጥ ያስችላል። ስሙን አልጠቅስም፤ የምገመግመው አሠራሩን ነው፤ ዋናው መለኪያዬም ጥቂት ሺህ ብር ይዞ የሚገባ ሰው ከወጪው ሁሉ በኋላ ምን ይተርፈዋል የሚለው ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ የአሳ ነጋዴዎች፣ ከአባይ ማዶ የሚመጡ ባለሱቆችና ጡረተኞች በብዛት የሚገለገሉበት ቦታ እንደመሆኑ ይህ ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ቁጠባ ጥያቄ ነው።

መስተንግዶው የሚመሰገን ነው። ተራው በቁጥር ይጠበቃል፣ ሠራተኞቹ የማይቸኩሉ ናቸው፣ ያልገባውን ደግሞ እንዲጠይቅ ያበረታታሉ። አንድ ጡረተኛ መምህር አክሲዮኑን ሊገዙ ያሰቡት ባንክ ባለፈው ዓመት 18 በመቶ የትርፍ ድርሻ ማከፋፈሉን ሰምተው ሲመጡ፣ ያስተናገደቻቸው ልጅ፣ «ጋሼ፣ 18 በመቶ የተባለው በአክሲዮኑ መነሻ ዋጋ በ1,000 ብሩ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን አሁን የሚገዙት በ1,300 ነው፤ በከፈሉት ገንዘብ ሲሰላ ወደ 14 በመቶ ግድም ይወርዳል» ብላ በወረቀት ላይ አስልታ አሳየቻቸው። ገዢን ከማባበል ይልቅ እውነቱን ማስረዳት በዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግ ነገር ነውና ቢሮው በዚህ በኩል ሙሉ ምስጋና ይገባዋል።

ቅሬታዬ በክፍያው አወቃቀር ላይ ነው። ክፍያው ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ከግብይቱ መጠን ላይ በመቶኛ የሚታሰብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለሰነድ ማዘጋጃና ለዝውውር ምዝገባ ተብሎ አክሲዮኑ ቢበዛም ቢያንስም ሳይለወጥ የሚከፈል ነው። ትንሹን ባለአክሲዮን የሚጎዳው ይህ ሁለተኛው ነው። ለስሌት እንዲመች የመቶኛው ክፍያ በግዥም በሽያጭም 2 በመቶ፣ ቋሚው ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ 300 ብር ነው እንበል። አንድ ሰው 10 አክሲዮን በ1,300 ብር ሲገዛ 13,000 ብር ለአክሲዮኑ፣ 260 ብር በመቶኛ፣ 300 ብር በቋሚ ከፍሎ በድምሩ 13,560 ብር ያወጣል። ከዓመት በኋላ ዋጋው ወደ 1,400 ብር ከፍ ብሎ ቢሸጥ 14,000 ብር ያገኛል፤ ከዚያ ላይ 280 ብርና 300 ብር ሲቀነስ እጁ ላይ የሚቀረው 13,420 ብር ነው። አክሲዮኑ በ100 ብር ጨምሮለት ሳለ፣ የትርፍ ድርሻውን ሳንቆጥር፣ ሰውየው 140 ብር ከስሯል። በተመሳሳይ ቀን በተመሳሳይ ዋጋ 100 አክሲዮን የገዛ ሰው ግን 132,900 ብር አውጥቶ 136,900 ብር ያገኛል፤ 4,000 ብር አትርፏል ማለት ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ሁለት ጊዜ የተከፈለው ቋሚ 300 ብር ብቻ ነው።

ስለዚህ ቢሮው ከቋሚው ክፍያ ይልቅ በመቶኛው ላይ ትንሽ ቢጨምር እንኳ ለአብዛኛው ደንበኛው የተሻለ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ዝርዝሩም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይታይም፤ የሚነገረው በቃል፣ ያውም የማመልከቻው ቅጽ ከተሞላ በኋላ ነው። ስለ መሸጫው ክፍያ ደግሞ ሲገዛ የሚነግረው ሰው የለም፤ ደንበኛው ራሱ መጠየቅ አለበት። ገንዘብ የሚቆጥር ሰው መውጫውን ሳያውቅ እንዲገባ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የዋጋው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለረጅም ዘመን በአገራችን በሰው እጅ ያለ አክሲዮን የሚሸጠው ሰው ለሰው በሚደረግ ድርድር ስለነበር በአንድ ሳምንት ውስጥ ያው አክሲዮን በተለያየ ዋጋ ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ወሬ የቀደመውም ያተርፍ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የአክሲዮንና የመሰል ሰነዶችን ግብይት የሚቆጣጠረው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ፣ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. እነዚህ ሰነዶች የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ አክሲዮኑን በገበያው በማስመዝገብ የመጀመሪያው ሆኗል። ዋጋ በግልጽ በሚታይበት ገበያ ላይ የባሕር ዳሩም የአዲስ አበባውም ገዢ አንድ ዓይነት ቁጥር ያያል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የ10 በመቶ ድርሻውን ሽያጭ ሲጀምር አንዱን አክሲዮን 300 ብር፣ ዝቅተኛውን ግዥ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር አድርጎ በቴሌብር ማቅረቡ በርቀት ያለውን ነዋሪ በእኩል ዋጋ ያስተናገደ አሠራር ነበር። ይህ ቢሮ ግን በገበያው ያልተመዘገቡ ኩባንያዎችን አክሲዮን ሻጭና ገዢ ሲያገናኝ ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ብቻ ይነግራል፤ ቀደም ሲል በስንት እንደተሸጠ የሚያሳይ መዝገብ ለደንበኛው አያቀርብም። መዝገቡ እጁ ላይ እስካለ ድረስ ስም ሳይጠራ ዋጋውንና ቀኑን ብቻ ማሳየት የሚከብድ አይመስለኝም።

ሌላው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የግዥው ወቅት ነው። የባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ ወር ይዘጋል፤ የትርፍ ድርሻው የሚታወጀው ከወራት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ሲካሄድ ነው። በእነዚህ ወራት መካከል የሚገዛ ሰው ያለፈው ዓመት ትርፍ ለእሱ ነው ወይስ ለሻጩ የሚለውን በዝውውር ውሉ ላይ በግልጽ ማስጻፍ አለበት፤ በ10 አክሲዮን ላይ የ1,800 ብር ጉዳይ ነውና። ሠራተኞቹ ሲጠየቁ ይህንን በደንብ ያስረዳሉ፤ ሳይጠየቁ ግን አያነሡትም።

በአጠቃላይ አክሲዮኑን ለብዙ ዓመት ይዞ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ለመቀበል ለሚያስብ ሰው ቢሮውን እመክራለሁ፤ ቋሚው ክፍያ በብዙ ዓመታት ላይ ሲከፋፈል ይቀላልና። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ገዝቶ ለመሸጥ ለሚፈልግ፣ በተለይ ከ20,000 ብር በታች ለያዘ ሰው ግን አልመክርም። ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ቅጹን ከመፈረሙ በፊት የመግዣውንም የመሸጫውንም ክፍያ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ለጠየቀ ሰው በማኅተም አስደግፈው ይሰጣሉ።