በደብረ ብርሃን የክረምቱ «ቀድሞ መጨረስ» ኮርስ ለየትኛው ልጅ ይሆናል?

ሐምሌ ሲገባ የደብረ ብርሃን ማጠናከሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ሁሉ ይመሳሰላል። 10ኛን የጨረሰ ተማሪ የ11ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን በክረምት ጨርሶ፣ መስከረም ላይ ለክለሳ ብቻ ክፍል ይገባል ይባላል። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማ ወላጅ ቢጣደፍ አይፈረድበትም። ስሌቱ ግን አይሞላም። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት ቢማር 80 ሰዓት ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለአንዱ ትምህርት 20 ሰዓት ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ የፊዚክስ መጽሐፍ አለቀ ከተባለ ፎርሙላ ተገልብጦ ታልፏል ማለት ነው።

ደህናው ኮርስ ሁሉንም እጨርሳለሁ አይልም። ባዮሎጂን ልጁ ራሱ እንዲያነብ ትቶ በፊዚክስ ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ያለው ልኬት) እና ፕሮጀክታይል (የተወረወረ ነገር ጉዞ)፣ በኬሚስትሪ የአቶም አወቃቀር ላይ ይቆያል። ፕሮግራሙን ሲያዩ ትሪጎኖሜትሪ ከቬክተር በፊት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ሳይንና ኮሳይን ያልጠራለት ልጅ ቬክተርን በሽምደዳ ነው የሚያልፈው።

ከመመዝገብዎ በፊት ልጁን ያለ ካልኩሌተር ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት። 36 ግራም ውሃ ስንት ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ነው? 2 ካላለ የ10ኛው ኬሚስትሪ አልገባውም፤ ሞሉን የሳተ ሞላሪቲን (በአንድ ሊትር ውህድ ውስጥ ያለውን ሞል) ይስታል፣ ኢኩሊብሪየም (የኬሚካል ሚዛን) ላይ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋበታል። ሁለተኛው፦ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት፣ ከአግድም በ30 ዲግሪ የተወረወረ ኳስ በስንት ሰከንድ መሬት ይመለሳል? የስበቱን ፍጥንጥነት 10 ብሎ ከወሰደ መልሱ 2 ሰከንድ ነው። 4 ካለ በሳይን 30 ማባዛቱን ዘሎታል። ሁለቱንም ከመለሰ ያስመዝግቡት፤ ከሳተ ክረምቱ የ10ኛው ክፍል መጽሐፍ ነው። ወደ ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ) የሚገባ ልጅማ ከሒሳቡ በቀር ሌላው አያስፈልገውም።

ከጀመረ በኋላ ደብተሩን ይግለጡ። ጥያቄና «መልስ፦ ቢ» ብቻ ከሆነ፣ መሃል ላይ ስሌትም አሃድም ከሌለ፣ የተከፈለው ለፎቶኮፒ ሺት ነው። ላብራቶሪ የለንም የሚለውም ሰበብ ሁልጊዜ አይሠራም፤ 1 ሜትር ክር ጫፍ ላይ ጠጠር አስሮ አሥር ጊዜ ደርሶ መልስ ሲወዛወዝ 20 ሰከንድ ገደማ መፍጀቱን ለማየት ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል።

ከመንዝ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ሌላ ሒሳብ አለበት፦ የበልግ አዝመራ የሚሰበሰበው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ቤተሰቡ ጉልበቱንም ኪራዩንም ስንቁንም አብሮ ያስብ። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በነሐሴ ብቻ ሒሳብና ፊዚክስ መውሰድ ይመረጣል።

ክፍያን ወር በወር የሚቀበል ቤት ይፈልጉ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደብተሩ ካላማረ የነሐሴውን ብር አለመክፈል ነው።