ባለ አራት ቤቷ ናስ ከዘጠኝ ወር በኋላ (ደሴ፣ የማሽላ ዲኤንኤ ዳታ)

ከጥቅምት ጀምሮ ዘጠኝ ወር ሞላን ናሷን፣ ማለትም ዲስኮች ይዛ በኔትወርክ ፋይል የምታስቀምጥልንን ሣጥን፣ ከገዛን። አራት ቤት አላት፣ በያንዳንዱ 4 ቴራ ዲስክ፣ ሬይድ 5 አድርገናታል (አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው እንዲተርፍ የአንዱ ዲስክ ቦታ ለዚሁ ይሄዳል፣ ከ16 ቴራው 12 ይቀራል)። ሥራችን የወሎ ማሽላ ዲኤንኤ ማንበብ ነው፣ እነ ወተት በጉንጬን ማለቴ ነው፣ ያቺ በ1973 እ.ኤ.አ ላይሲኗ (የፕሮቲን ክፍል ነው) ከፍተኛ ነው ተብሎ ስሟ ዓለም ላይ የተነሳው (እኛ ቤት ግን የምትታወቀው በተጠበሰ እሸቷ ነው)።

መጀመሪያ የተሸወድነው ሒሳቡ ላይ ነው። የማሽላ ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤው) 730 ሚሊዮን ቤዝ፣ ማለትም የዲኤንኤ ፊደል፣ ገደማ ነው፣ 30 ጊዜ ደጋግመህ ስታነበው ወደ 22 ቢሊዮን፣ ተጨምቆ ፋስትኪው (የተነበቡት ፊደሎች ፋይል) ሲሆን አስራ ምናምን ጊጋ፣ ኧረ ይሄንማ ላፕቶፕም ይችለዋል አልን። የረሳነው ዲኤንኤ ማንበቢያው ማሽን፣ ናኖፖሩ፣ የሚተፋውን ጥሬ ሲግናል ነው። ፖድ5 የሚባለው ፋይል ለአንድ ናሙና ብቻ 150 ጊጋ አካባቢ መጣ፣ አስር እጥፍ በሉት። 12 ቴራ ያልነው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ 10.9 ብሎ ታየ፣ የተሰረቅኩ መስሎኝ ነበር ወላሂ፣ ለካ ሻጩ በ1000 ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ታዲያ ጥሬውን አጥፉት አትሉም? እኛም ተከራክረንበታል። ቤዝኮል የሚያደርገው፣ ማለትም ሲግናሉን ወደ ፊደል የሚቀይረው፣ ሞዴል በተሻሻለ ቁጥር ያው ሲግናል ድጋሚ ሲነበብ ስህተቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ዘሩ ድጋሚ የማይገኘውን አስቀመጥን ሌላውን አጠፋን። ባሙን (ንባቦቹ ከሪፈረንሱ፣ ከማነጻጸሪያው ጂኖም፣ ጋር የተደረደሩበትን ፋይል) ይበልጥ ወደተጨመቀው ክራም ቀይረን ብዙ ቦታ አተረፍን፣ ሪፈረንሱን ከጣላችሁት ግን ክራሙ አይነበብላችሁም፣ አብራችሁ አስቀምጡት። ከሁሉ ያስቀኝ ሦስት ሰው ያንኑ ፋይል በየፎልደሩ ገልብጦት መገኘቱ ነው፣ አንደኛው ያው እኔ ነኝ።

ትንተና እሷ ላይ እንዳትሞክሩ፣ አንዴ ሚኒማፕ (ንባቦቹን ከሪፈረንሱ ጋር የሚደረድረውን ፕሮግራም) አስነስቼባት ጭራሽ ፋይል መክፈት አቃታት። ቤዝኮሉንም ትንተናውንም ኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይሥራው፣ እሷ ታስቀምጥ። በጊጋቢት ኬብል 150 ጊጋ በ25 ደቂቃ ገደማ ይሻገራል፣ ዋይፋይ እርሱት።

አሁን ወደ ዋናው፣ መብራት። ዩፒኤስ ገዝተናል ብለን ተኝተን ነበር። ለካ ከዩፒኤሱ ወደ ናሷ የሚሄድ የዩኤስቢ ገመድ አለ፣ "መብራት ሄዷል ባትሪዬም ሊያልቅ ነው ተዘጊ" የሚላት እሱ ነው፣ እሱ ሁለት ወር ሙሉ ካርቶኑ ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። አንድ ሌሊት ፋይል እየጻፈች ባትሪው አለቀ፣ ጠዋት ስንገባ ትጮኻለች። ዳታው ተረፈ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትፈትሽ ዋለች።

ስድስተኛው ወር ላይ አንዱ ዲስክ ሞተ። ከፍታው ይሆን ብዬ ወረቀቱን አየሁ፣ እስከ 3,048 ሜትር ይላል፣ ደሴ 2,500 ገደማ ናት፣ እሱ አይደለም። ምትኩን ከአንድ ሱቅ በርካሽ ገዛን፣ ኤስኤምአር የሚባለው ሆኖ ተገኘ፣ ትራኮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተደራረቡበት፣ ብዙ ሲጻፍበት ይንቀራፈፋል። ዳታውን አዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ መገንባቱ በግማሽ ቀን ያልቃል ያልነው አራት ቀን ፈጀ። አቦሉ ተጠጣ ቶናው ተጠጣ በረካውም አለቀ፣ እሷ 11 ፐርሰንት ላይ ናት። ሬይድ 5 ላይ በዛ መሃል ሌላ ዲስክ ቢሞት ሁሉም ያልቅለታል፣ ባልደረባዬ "አብሽር" ይለኛል፣ ምኑን ልበሽር! ስትገዙ ሲኤምአር (ትራኮቹ ያልተደራረቡበት) መሆኑን ጠይቁ።

ደግሜ እገዛታለሁ? አዎ፣ ግን ባለ ስድስት ቤቷን፣ በሬይድ 6፣ ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ የሚችለውን።

ሬይድ ደግሞ ባክአፕ አይደለም። በ2014 ደሴን ጥለን ስንወጣ ዳታው የተረፈለት ዲስኩን በጉያው ይዞ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ በየአስራ አምስት ቀኑ ኤክስተርናል ላይ ገልብጬ፣ በኤምዲ5 (የፋይሉ አሻራ ቁጥር) ቅጂው ትክክል መሆኑን አረጋግጬ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ አወርደዋለሁ። ባለፈው ሐረጎን ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ ፊቱን ግለጥለት እንጂ፣ ይታፈናል" አሉኝ።