የፒያሳው ፕሪንተር ጠጋኝ፣ ተባረክ!

ጎንደር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይህን ልጅ ሳላመሰግን ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የፊዚክስ መምህርት ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ ዲግሪ ጀምሬያለሁ። ጥናቴ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ትንሽ ዕቃ) ሲሞላና ሲወርድ መለካት ስለሆነ አንድ ወዳጄ ኦስሲሎስኮፕ ለሦስት ቀን አዋሰኝ። የኤሌክትሪክን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ ማሽን ነው። ሞገዱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለአማካሪዬ ላክሁ። "ፎቶ ዳታ አይደለም፤ ቁጥሩን አምጪ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ቁጥሩ ከዚያ ሳጥን ውስጥ በየት በኩል ይውጣ?

ማሽኑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ መመላለስ ጀመርኩ። "ሬዲዮ ነው እንዴ?" ያለኝ ተሳፋሪም ነበር።

የመጀመሪያው ጥገና ቤት ሰርኪዩቴን ዘርግቼ፣ ስንት ታግዬ ሞገዱን ስክሪኑ ላይ አቆምኩት። ልጁ የስልኩን ቻርጀር ሊሰካ ሲል የማሽኑን ሶኬት ነቀለው። ድርግም! ሁሉም ጠፋ። ይቅርታ እንኳ አላለም። ሁለተኛው ቤት ባለ 64 ጊጋ ፍላሼን ሰካ፤ ማሽኑ አላነበበውም። "የተበላሸ ዕቃ ይዘሽ መጥተሽ ነው" ብሎኝ 300 ብር ተቀበለኝ። ለምኑ? ፍላሹን ለሰካበት! ሦስተኛው ጋቢውን ስገልጥ ገና ሳቀብኝ። ስማቸውን አልጠራም፣ እግዜር ይይላቸው።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑን ልመልስ ወስኜ ስሄድ፣ ከጃንተከል ዋርካ ብዙም ሳልርቅ፣ በሩ ላይ አሮጌ ፕሪንተር የተደረደረበት ጠባብ ሱቅ አየሁ። እስቲ የመጨረሻ ብዬ ገባሁ።

"ቲቸር፣ ቁጭ ይበሉ" አለኝ። እስክረጋጋ ጠበቀ። ማሽኑን ዞር አደረገና ከኋላው ያለችውን አራት ማዕዘን ቀዳዳ አያት። "ይቺ እኮ የፕሪንተር ገመድ ናት!" ብሎ ከአንዱ ፕሪንተር ነቅሎ ሰካልኝ። ስንቱ ጋ የተንከራተትኩበት ነገር! ፍላሼም ጤነኛ ነው አለኝ፤ ማሽኑ የሚያነበው ፋት 32 በሚሉት ፎርማት ሲሆን ነው። ላፕቶፑ ላይ ስለጫነው ፕሮግራም ግን አትጠይቁኝ።

ሞገዱን እንደገና አቆምን። ልንገለብጥ ስንል፣ ጎንደር አይደል፣ መብራት ሄደ። እንባዬ መጣ።

"አይደንግጡ ቲቸር፣ አስቀድሜ ማሽኑ ውስጥ ሴቭ አድርጌዋለሁ።"

ለካ ያልተቀመጠ ሞገድ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የመጀመሪያው ቤት ይህን ማን ነገረኝ!

ጊዜው 11 ሰዓት ሆኖ ነበር። ሱቁን ዘግቶ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ከጎረቤት ቡና አስመጣልኝ። አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ እንደነበር፣ የሰው ዕቃ ከመንካቱ በፊት "ልክፈተው?" ብሎ እንደሚጠይቅ አወራሁለት። ይሄ ልጅም አንዲት ገመድ ሲነቅል "ልንቀለው?" ይለኛል። አባቴ ትዝ አለኝ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሞገዱ እንዳለ ተቀምጧል። ኤክሴል ላይ 2500 ነጥብ፣ ጊዜና ቮልቴጅ ጎን ለጎን ተደርድሮ ሳየው እልል አልኩ፤ የጎረቤት ባለሱቆች ወጥተው አዩን። የቀረውን "እርስዎ ይሞክሩት፣ ነገ እኔ አልኖርም" ብሎ በራሴ እጅ አስገለበጠኝ። ሁለቴ ተሳስቼ በሦስተኛው ቻልኩ።

ሂሳብ ስለው 100 ብር አለ። ጨምሬ ብሰጠው እምቢ አለ። ስልኩን ልለጥፍ ብለውም "ሰው መጥቶ ይየኝ" አለኝ። ስለዚህ ሂዱ! ፕሪንተር የተበላሸባችሁ፣ ላፕቶፕ ያስቸገራችሁ፣ እንደኔ ግራ የሚገባ ዕቃ የያዛችሁ፣ ሌላ ቤት ገንዘብ ሳትበተኑ እሱ ጋ ሂዱ። በሩ ላይ ፕሪንተር የተደረደረበትን ሱቅ ብላችሁ ጠይቁ።

ገመዱን "ሲጨርሱ ያመጡልኛል" ብሎ ሰጥቶኛል። ሰኞ እመልስለታለሁ፤ እናቴ የጋገረችውን ድፎም ይዤለት እሄዳለሁ።